የታሸገችው ላንድሮቨር

አባቴ የአንድ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም ሹፌር ነበር። ሐኪሙ በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ወደ አገሩ ሲመለስ የቤት ዕቃውን ሁሉ ሸጠ፤ አጭሯን ላንድሮቨር ግን በአባቴ ስም አዛውሮለት ሄደ። ለብዙ ዘመን አብረው ቆላ ወርደው፣ ደጋ ወጥተው፣ ጭቃ ውስጥ አብረው አድረዋልና አባቴ በስጦታው ብዙ አልተገረመም። የተገረምነው እኛ ነን። ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የእኛ ዳገት ላይ መኪና ያለው ቤት አልነበረም። ክረምት ሲገባ ታክሲም ሆነ የጭነት መኪና ታች አስፋልቱ ዳር ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

መኪናዋ ያኔም አሮጌ ነበረች። ሁለቱ የፊት መብራቶቿ እንደ ሌሎች መኪኖች ዳርና ዳር ሳይሆን መሀል ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ስለሆኑ ፊቷ የሚያፈጥ ሰው ይመስላል። ትርፍ ጎማዋ ኮፈኗ ላይ ተጋድሟል። መስኮቶቿ ወደ ታች አይወርዱም፤ በጎን ይንሸራተታሉ። ነዳጅ የሚሞላውም የሹፌሩን መቀመጫ አንስቶ ነው። አባቴ ታሪኳን ከሐኪሙ ሰምቶ ለእኛ ያወራ ነበር። «ከትልቁ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ብረት አጠራቸው» ይላል። «አሉሚኒየም ግን ተርፏቸው ነበር። ስለዚህ ለገበሬ የምትሆን፣ እርሻም የምትገባ፣ ገበያም የምታደርስ መኪና በአሉሚኒየም ሠሩ። ለዚህ ነው አካሏ የማይዝገው። መጀመሪያማ መሪዋን እንደ ትራክተር መሀል ላይ ሊያደርጉት አስበው ነበር አሉ።»

የእኛዋ መሪ በስተቀኝ ነበር። የተገዛችው በአገራችን መኪና በግራ በኩል ይነዳ በነበረበት ዘመን ነው። በኋላ መንገዱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር እሷ እንደነበረች ቀረች። ስለዚህ አባቴ የሚቀመጠው በእግረኛው በኩል ሆነና ከፊቱ ያለውን መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣው አይታየውም። ግራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አውጥቶ ማየትና «ነፃ ነው» ወይም «ቆይ» ማለት አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እስክቀጠር ድረስ መንገዱን ከእሱ ጋር እኩል ተምሬዋለሁ።

አንድ ቀን ወደ እንጦጦ መውጫ፣ ዛሬ የእጽዋት ማዕከሉ ካለበት አካባቢ፣ ባሕር ዛፉ መሀል መኪናዋን አቆመና ወርዶ በግራ በኩል ዞረ።

«ተነሺ፤ ወደዚያኛው ወንበር እለፊ» አለኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ የማይገባበት ጊዜ ሆኗል። እኔ ባልኖር መኪናዋ ቆማ እንዳትቀር።»

እንደዚያ ነው መንዳት የተማርኩት። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ፤ የአንዱ ጫፍ ቢጫ፣ የሌላው ቀይ። ቢጫውን ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማዎቹም ከኋላዎቹ ጋር ይሠራሉ። ቀዩ ወደ ኋላ ሲሳብ ደግሞ መኪናዋ ፍጥነቷን ትታ ጉልበቷን ታወጣለች፤ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባልበለጠ ፍጥነት ዳገቱን ትይዘዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ከአባቴ ጋር ተኳረፈች። ሴት ልጅ በዚያ ዳገት ላይ ላንድሮቨር ስትነዳ ሰው ምን ይላል ነው ነገሩ። ሰው ብዙ ነገር አለ። ግን የታመመ ሰው ሲኖር ቤታችን መምጣቱን አልተወም። አባቴም ማንንም አይመልስም ነበር፤ ሕመምተኛ ወደ ታች ያወርዳል፣ አስከሬን ወደ ላይ ያወጣል።

አንድ ቤት ብቻ ነበር ወደ እኛ የማይመጣው፤ የአክስቴ ቤት። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናትና አባታቸው ሲሞቱባቸው ያሳደገችው እሷ ነበረች። አባቴ ሃይማኖቱን ቀይሮ ጴንጤ ሲሆን በሰው ፊት አለቀሰች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን እህል አልቀመሰችም፣ መኪናዋም ላይ አልወጣችም። ቤቶቻችንን የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ዘወትር ማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መድኃኔ ዓለም ስትሄድ በደጃችን ታልፋለች፤ አባቴ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ እሷ አታየውም። አንድ ልጇ ግን ታልፈን አታውቅም። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በአጥሩ ቀዳዳ እየተመላለሰች ነው አብረን ያደግነው። ኋላ ወታደር አገባች፤ ባሏ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ እሷ አርግዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች።

በዚያው ዓመት ጸሎት ቤታችን ተዘጋ። ምእመናኑ በየቤቱ ተራ እየገቡ ይሰበሰቡ ጀመር። ተራው የእኛ በሆነበት እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር መጡ። አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ ተነሳና «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ እነዚህ እንግዶቼ ናቸው» አለ። የሁሉንም ስም መዝግበው አባቴን ብቻ ያዙት። ሊቀመንበሩ ከግቢው ሲወጣ መኪናዋን አየና ቆመ።

«ይህች የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አለ አባቴ።

«አንተ ሹፌር አይደለህም እንዴ? ላንድሮቨር ከየት ታመጣለህ?»

«የሠራሁለት ሰው ሰጠኝ። ወረቀት አለኝ።»

«እንግሊዝ ያለ ነገር መኪና ይሰጣል?»

በሮቿንና ኮፈኗን ማኅተም ባረፈበት ወረቀት አሸጉ። ቁልፉን ወሰዱ። ጉዳዩ እስኪጣራ ማንም እንዳይነካት፣ የነካት እንደ ፀረ አብዮት እንደሚቆጠር ነግረውን አባቴን ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ እኔና እናቴ እየተፈራረቅን ወደ እስር ቤቱ ምግብ እናደርስለት ነበር። እንድናየው አይፈቀድም። ሰሀኑ ባዶውን ሲመለስ አባቴ አለ ማለት ነው፤ ያንን ይዘን ወደ ቤት እንመለሳለን። በሰፈር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ አክስቴን ስለ ወንድሟ ጠየቃት። ተነስታ «ከእሱ ጋር ከተለያየን ቆየን፤ አላውቀውም» አለች። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ። አክስቴ ፈርታ ይሁን ወይም የልቧን ተናግራ ያኔ አላወቅንም። የልጇን ባል ከጦር ሜዳ የሚያመጣው መንግሥት፣ ልጇን የሚያኖረው ቀበሌ ነበር፤ አሁን ሳስበው አልፈርድባትም።

ክረምቱ ከብዶ ገባ። ከእኛ ሰፈር ወደ አስፋልቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ሰው ከላይ ዞሮ፣ በገደሉ አፋፍ እየተንጠላጠለ ይሻገር ጀመር። የአክስቴ ልጅ ምጥ የያዛት በዚያ ሰሞን ነው። ማታ ጀምሯት አደረች። ጠዋት ላይ ጩኸቷ በአጥሩ በኩል ይሰማን ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ደከመ። የሰፈሩ አዋላጅ «ልጁ አቀማመጡ ልክ አይደለም፤ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሆስፒታል አድርሷት» አለች። ጎረምሶች በቃሬዛ ሊያወጧት ሞክረው በገደሉ በኩል ጭቃው እያንሸራተታቸው ተመለሱ።

አክስቴ ወደ እኛ በር መጣች። ዝናብ ያረጠበው ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ለስንት ዓመት ያላለፈችው ደፍ ላይ ቆመች።

«ይግቡ» አለች እናቴ።

«አልገባም። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። መኪናዋን እንኳ ቀና ብላ አላየችም። እናቴ ወደ ጓዳ ገባችና ቀበሌዎቹ ያልጠየቁትን ሁለተኛውን ቁልፍ ይዛ ወጣች። በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዳ በበሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሯ ጀምራ ቀደደችው። ከዚያ የሌላውን በር፣ ከዚያ የኮፈኑን። እኔን አየችኝና «ማን ቀደደው ብለው ቢጠይቁሽ እናቴ በይ» አለችኝ። ከአባቴ ጋር በእኔ መንዳት የተኳረፈችው ያቺው እናቴ ናት።

ባትሪዋ ከመቆም ብዛት ደክሞ ነበር፤ የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን ሞተሩ አልተነሳም። አባቴ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆነውን የሞተር ማዞሪያ ብረት ከመቀመጫው ኋላ ያስቀምጥ ነበር። በፊቷ በኩል ባለው ቀዳዳ አስገብቼ አዞርኩት። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ሲመታ እጅ ይሰብራል። ደጋግሜ አዞርኩ፤ ክንዴ ዛለ። እናቴ ተቀብላኝ አዞረች። እንደገና እኔ ያዝኩት፤ ያኔ ሞተሩ አጓራና ተነሳ።

የአክስቴን ልጅ በፍራሽ አድርገን ከኋላ አስተኛናት። መኪናዋ አጭር ስለሆነች እግሯን አጥፋ ነው የተኛችው። እናቴ ጭንቅላቷን ታቅፋ ተቀመጠች። አክስቴ ከኋላ ለመግባት ቦታ አጣች።

«ግራ ወንበር ላይ ይቀመጡ» አልኳት። «ለእኔ የሚያይልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ተቀመጠች። ቁልቁለቱን በቀዩ ዘንግ፣ ፍሬን ሳልይዝ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዛት ወረድን። ጎማዎቹ ወደ ጎን ሲንሸራተቱ አክስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ መድኃኔ ዓለምን እየጠራች። ከኋላ እናቴ በራሷ መንገድ ትጸልያለች። ድልድዩ ከነበረበት በታች ባሕር ዛፍ የሚጭኑ አህዮች የሚሻገሩበት ሰፊ ቦታ አለ። ውኃው ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ወርጄ በዱላ ለካሁት፤ ከጉልበቴ በላይ ነበር። ማራገቢያው ውኃውን ሞተሩ ላይ እንዳይረጨው ፊቷን በጆንያ ሸፈንኩ።

አክስቴ «ይወስደን ይሆን?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እሱ ቢሆን ይሻገር ነበር?»

እሱ ያለችው ወንድሟን ነው። «ይሻገር ነበር» አልኳት።

«እንግዲያው ሂጂ።»

አባቴ ውኃ ውስጥ ከገባሽ ማርሽ አትቀይሪ፣ አትፍጠኚ፣ አትቁሚ ብሎኝ ነበር። ገባሁ። ውኃው በበሮቹ ስር እየገባ እግራችንን አራሰው። መሀል ላይ ስንደርስ መኪናዋ በጎን ተገፋች፤ ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ድንጋይ ነከሱና ቀስ እያሉ ጎተቱን። ማዶ ስንወጣ ከኋላ የአክስቴ ልጅ «ደረስን እንዴ?» አለች። ድምፅዋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና ዕንባዬ መጣ።

አስፋልቱ ላይ በቀበሌው በር ስናልፍ ጠባቂው አየን። የተቀደደው ወረቀት ገና የመኪናዋ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አላስቆመንም፤ ግን ለረጅም ጊዜ በዓይኑ ተከተለን። ከፊታችን አውቶቡስ ሲዘጋብን አክስቴ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ «ነፃ ነው፤ እለፊ» ትለኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ መኪና ያልነዳች ሴት ወዲያው ገባት። እንዲህ እያለችኝ ሆስፒታል ደረስን።

ሕፃኗ በቀዶ ሕክምና በሕይወት ወጣች። እናቲቱ ግን ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፈች።

አስከሬኗን በላንድሮቨሯ ልናመጣ አልቻልንም፤ መኪናዋን ወደ ቤት እንደመለስናት ቀበሌው ጠባቂ አቆመባት። የእድሩ ሰዎች በገደሉ በኩል በሸክም አወጧት። በቀብሩ ቀን እናቴ እስከ መድኃኔ ዓለም ቅጽር ተከትላ ሄደች፤ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ሰው ሊያያት ዞር ዞር አለ፤ ማንም ግን ሂጂ አላላትም።

በሠልስቱ ማግስት እኔንና እናቴን ቀበሌ ጠሩን። ሊቀመንበሩ የተቀደደውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። በሌላ ጊዜ የሚጮህ ሰው ያን ቀን ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«የመንግሥትን ማኅተም የቀደደው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

እናቴ ያዘዘችኝን ማድረግ አልቻልኩም። «እኔ ነኝ፤ የነዳሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቴ በቁጣ አየችኝ። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና አክስቴ ገባች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ጠባቂው ከኋላዋ ቆሞ ሊመልሳት ሞክሮ እንዳቃተው ያስታውቃል።

«እርስዎን ማን ጠራዎት?» አላት ሊቀመንበሩ።

«ማንም አልጠራኝም። ወረቀቱን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ልጄ ነበረች የምትሞተው።»

«ሦስታችሁም ናችሁ የቀደዳችሁት?»

«እኔ ነኝ አልኩህ።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነሳና አስቀመጠ። «ባለፈው እዚሁ ስብሰባ ላይ ቆመው ስለ ወንድምዎ አላውቀውም ብለዋል። አሁን ለእሱ ቤት ሰዎች ሊታሰሩ ነው የመጡት?»

«ብያለሁ» አለች አክስቴ። «በሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኩት። ዛሬ ደግሞ ወንድሜ ነው እላለሁ፤ ይህንንም ጻፈው።»

ሊቀመንበሩ የዚያው የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ የሞተችውንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ምን እንዳሰበ አላውቅም። እስከ ከሰዓት በኋላ በአግዳሚው ላይ አስቀምጦን ዋለ። አክስቴ ነጠላዋን ገልጣ ያመጣችውን ቆሎ ሰጠችን፤ ከእናቴም ጋር ከአንድ እጅ በላች። በመጨረሻ ጠራንና መኪናዋ ለቀበሌው አገልግሎት መወረሷን፣ እኛ ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶን መሄድ እንደምንችል ነገረን።

ሊወስዳት የመጣው ሹፌር መሪዋ በቀኝ መሆኑን ሲያይ ግራ ገባው። በዚያ ቁልቁለት ሊነዳት አልደፈረም። «አንቺ አውርጃት» አሉኝ። አወረድኳት። ዝናቡ ቆሞ ውኃው ጎድሎ ስለነበር መሻገሩ አላስቸገረኝም። ቀበሌው ግቢ አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ፤ እጄን ከመሪው ላይ ለማንሳት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። አባቴ እስር ቤት ሆኖ የማያውቀውን ነገር በእጄ ማስረከቤ ነው የከበደኝ። ቁልፉን ሰጥቼ በእግሬ ወደ ቤት ወጣሁ።

ጥቂት ጊዜ ሠሩባት። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ ተባለና ከመጋዘኑ ኋላ ቆመች። ጎማዎቿን አንድ በአንድ ወሰዷቸው፤ የጣሪያ ሸራዋ ተቀደደ። አካሏ ግን አባቴ እንዳለው አልዛገም፤ ሣር ውጧት እንኳ አረንጓዴ ቀለሟ ከሩቅ ይታይ ነበር።

አባቴ የተፈታው ልጅቷ አፏን ፈትታ መናገር ከጀመረች በኋላ ነው። ከስቶ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ያለ ማንም አጃቢ በእግሩ መጣ። የግቢያችንን በር ሲከፍት አክስቴ ደረጃችን ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሕፃኗ በሁለቱ ቤት መሀል ነበር የምታድገው፤ አጥሩንም በዚያ በኩል አፍርሰነው ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ለእህቱ ክብር ሊቆም ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ቆሞ ሳለ ይበልጥ ቀጥ አለ። እሷ ተነስታ አንገቱን አቀፈችው። ከዚያ ተቀመጡና እሱ የሌለ ጊዜ የሞቱትን የሰፈር ሰዎች በየተራ ነገረችው። የልጇን መጨረሻ ላይ ነገረችው። አባቴ ስለ መኪናዋ በዚያ ቀን አልጠየቀም፤ በኋላም እኔ ነኝ ያወራሁለት።

የልጅቷ አባት ከሰሜን አልተመለሰም። ወሬውም አልመጣም። አክስቴ እስክትሞት ድረስ በየዕለቱ ማለዳ ስሙን ለመድኃኔ ዓለም ስትሰጥ ኖረች።

ልጅቷ አድጋ፣ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ልጆች አንድ ነገር ብለዋት ይሁን እንጃ፣ አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እናቴ እኔን አይታኛለች?» አለችኝ።

እኔ ያን ቀን ውጭ ነበርኩ፤ ከመኪናዋ አጠገብ። አክስቴ ግን ውስጥ ነበረችና የነገረችኝን ነገርኳት። ነርሷ ጨቅላዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እናቲቱ ፊት አቅርባት ነበር። እናቲቱ እጇን ማንሳት አልቻለችም፤ ጉንጯን ወደ ሕፃኗ አዘነበለች። «ሴት ናት?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ «ሴት ናት» አለቻት። «ፀጉሯ ብዙ ነው» አለችና ዓይኗን ሳትከድን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ልጅቷ ይህን ሰምታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ያጠብኩትን ልብስ ከእኔ ጋር መጭመቅ ጀመረች።